በመንኮራኩሯ ጀርባ የጻፍኩት

ጥር 6

ዱካዬን ወሰዱብኝ። አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩባትን። በምትኩ ባለ ጎማ ወንበር አመጡልኝ። ለጀርባህ ጥሩ ነው ተባልኩ። ጀርባዬ መቼ ስሞታ አቀረበ? መለኪያውን፣ ካሊፐሩን፣ ላነሳ ስንጠራራ ወንበሩ ወደ ኋላ ይሸሻል። ጠዋት ከቶርኖ ማሽኑ ተነስቼ መስኮቱ ድረስ ደረስኩ… ሳልነሳ። እግረ መንገዴን ግቢውን አየሁና ተመለስኩ።

ለአለቃዬ አቤት አልኩ። አለቃዬ የእህቴ ልጅ ናት። ሥራ ቦታ "ጋሼ" እና "እርስዎ" ነኝ፣ ቤት "አጎቴ" እና "አንተ"። በሩ ላይ ስንደርስ ትቀይረዋለች፣ ጫማ እንደምትቀይር።

"ጋሼ፣ የሚሽከረከር ነገር ይወዳሉ ብዬ ነው።"

"የሚሽከረከር እወዳለሁ። እኔን የሚያሽከረክረኝን ግን አይደለም።"

ሳቀች። ሰሞኑን ስትስቅ ዓይኗ አብሮ አይስቅም። አልተኛችም።

የምንሠራው ትንሽ የጄት ሞተር ነው። ቁመቷ የአምስት ሊትር ጣሳ ያህል ስለሆነ ጣሳዋ አልኳት፣ ስሙ ጸናባት። ወረቀት ላይ ረጅም ቁጥር አላት፣ ማንም አያስታውሰውም። ሰው የማይሳፈርበት አውሮፕላን ጅራት ላይ ሆና ትገፋለች፤ አውሮፕላኑ መድኃኒት ይዞ መንገድ ወደሌለበት ይሄዳል። ይሄዳል ነው የሚባለው… ተገዝታ ብትመጣ በሦስት ወር ትደርስ ነበር። እኛ አራት ዓመት ሆነን። የመጀመሪያዋ ተቃጠለች፣ ሁለተኛዋ ቀለጠች። ሦስተኛዋ በየካቲት መጨረሻ ሥራችንን በሚገመግመው ኮሚሽን ፊት ሠላሳ ደቂቃ ሳትቆም መሄድ አለባት። ካልሄደች ወርክሾፑ ወደ ድሮ ሥራው ይመለሳል፣ ወደ ውሃ ፓምፕ ጥገና።

ደክሞኛል። ከወንበሩ አይደለም።

ጥር 11

አሥራ አምስተኛዋ መንኮራኩር ከቅርጿ ወጣች። የጣሳዋ ልብ እሷ ናት። መዳፍ የምታክል፣ ዙሪያዋን ቅጠል የመሰሉ ክንፎች ያሏት፣ እሳት ውስጥ በደቂቃ ሰባ ሺህ ጊዜ የምትዞር። "ሌላውን እናንተ ሥሩት፣ እሷን ግዙ" ያላለን የለም። ብረት አቅላጫችን ብቻ ምንም አላለም። መጀመሪያ በሰም ቀረጻት፣ በጭቃ ለበጣት፣ ሰሙን አቅልጦ አወጣና ብረቱን አፈሰሰ። አሥራ አራቱን ራሱ ሰብሮ ጣለ። በአንዷ ውስጥ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ አገኘ፤ እኔ በመነጽርም አላየኋትም።

ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አንደበቱን የሚያወጣው ለቁም ነገር ብቻ ነው። ዛሬ በጨርቅ ይዞ አመጣልኝና፣

"ያዛት" አለ።

"እግዜር ይማርሽ በላት፣ ስትወጣ ብዙ ተሰቃይታለች" አልኩት።

"እጅህን ታጠብ።"

ታጠብኩ።

ጥር 13

መሃሏን በስቼ፣ ፊቷን አስተካክዬ፣ ሚዛኗን ጠበቅኩ። ሚዛን መጠበቅ ማለት ከከበደው ጎን የፀጉር ቅንጣት ያህል እየፋቁ ማንሳት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ፈጀብኝ። ትምህርት ቤት ያስተማረኝ የለም፣ ቶርኖ የተማርኩት ጋራዥ ስጠርግ አይቼ ነው። ያለ ዲፕሎማ እዚህ የገባሁትም የእህቴ ልጅ ስለፈረመችልኝ ነው። እዚህ ላይ ግን አልዋሽም… ዛሬ የሠራሁት ሥራ ያማረ ነው።

በመጨረሻ ቁጥር መጻፍ ነበረብኝ፣ አሥራ አምስት። እጄ ላይ የኤሌክትሪክ መቅረጫው ነበር። ቁጥሩን በቀለም ጠርዙ ላይ ጻፍኩ፣ እንደታዘዝኩት። ከዚያ… አየሁ፣ ሰው የለም። ገለበጥኳት። ከጀርባዋ፣ ከመሃሉ አጠገብ፣ ከተገጠመች በኋላ ማንም የማያየው ቦታ ላይ፣ በትንንሹ ቀረጽኩ።

ድንቢጥ።

የእህቴ ልጅ የልጅነት ስሟ ነው። ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ከጣሪያ ጣሪያ ስትዘል ነው የዋለችው። ኢንጂነር ከሆነች ወዲህ በሰው ፊት ብጠራት ትገድለኛለች። አሁን እሳት መሃል ሰባ ሺህ ጊዜ ትዞራለች፣ አታውቅም። አንድ ቀን እነግራታለሁ። ብቻዬን ስስቅ ዘበኛው ጋሼ ደህና ነዎት አለኝ።

ጥር 21

አሥራ አንድ ደቂቃ!

ከአሸዋ ጆንያው ግንብ ጀርባ ሆነን ሰማናት። መጀመሪያ ፉጨት፣ ከዚያ ጥርስ የሚያሳክክ ጩኸት፣ ከዚያ አንድ ወጥ የሆነ… እንዴት ልበለው? ጨርቅ ሳያቋርጡ ሲቀዱ ያለው ድምፅ። ነዳጅ ስለቆጠብን አቆምናት እንጂ ትሄድ ነበር። የወርክሾፑ ኃላፊ እንኳ አጨበጨበ፤ ሪፖርት ካላየ አያጨበጭብም፤ ስሙም ለዚያ ነው፣ አቶ ሪፖርት።

አቅላጩ የጆሮ መሸፈኛውን አውልቆ ቆሞ ነበር። "ጆሮህ!" ስለው "ልስማት" አለኝ።

ጥር 22

ተኛሁ። ስነቃም ደክሞኛል።

ጥር 29

ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ፈነዳች።

ድምፁ ረጅም አልነበረም። በር እንደሚላተም፣ አንድ ጊዜ። ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ የአሸዋ መፍሰስ። ሰው አልተጎዳም። አንዷ ክንፍ ከጆንያው አልፋ ግድግዳው ውስጥ ገብታለች፣ ከራሴ አንድ ክንድ ከፍ ብላ። የጣሳዋ ሆድ እንደ ሐብሐብ ተከፍቷል።

የእህቴ ልጅ ሰዓቱን ይዛ ቆማ ነበር። "ሃያ ሁለት ከአርባ" አለች። ጻፈችው። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን ቁልፉን ማስገባት አቃታት፣ እኔ ነዳሁ።

የካቲት 2

ሦስተኛ ቀናችን ነው፣ ተንበርክከን አሸዋ እንነፋለን። ይሄን ብረት ማግኔት አይስበውም፣ ወንፊት ብቻ። ስብርባሪው ሁሉ ተሰብስቦ ነጭ ጨርቅ ላይ በየቦታው ይደረደራል። ጉልበቴ የኔ አይመስለኝም።

ከሰዓት ላይ አንድ ቁራጭ በወንፊቴ ላይ ቀረ። የመሃሏ ነው። አገላበጥኩት።

"ቢጥ" ይላል።

ስብራቱ ግማሹ ያበራል። አዲስ ነው። ከ"ጥ" እግር ተነስቶ ግን ጥፍር የሚያክል ቦታ ጠቁሯል። ስንጥቁ ቀድሞ ተፈጥሯል፤ እሳት እየገባበት አጠቆረው። የዚያን ቀን፣ እኛ አሥራ አንድ ደቂቃ ብለን ስንጨፍር፣ እሱ ጀምሮ ነበር።

ስንቱን ልጅ ተቆጥቻለሁ! "ሹል ጥግ አትተዉ፣ ብረት ከሹል ጥግ ነው የሚሰነጠቀው" እያልኩ። ለዘንግ አውቃለሁ። ለፊደል አላሰብኩም። ፊደል ምንድን ነው ታዲያ፣ ሹል ጥግ ብቻ አይደል? ንድፉን አውጥቼ አየሁት። ጥጉ ላይ በውጭ ቋንቋ የተጻፈ አንድ መስመር አለ። እኔ ንድፍ ላይ ቁጥሩን አነባለሁ፣ ጽሑፉን እዘላለሁ። የዘበኛውን ልጅ እንዲያነብልኝ ጠየቅኩት። "በዚህ ገጽ ላይ ምንም ዓይነት ምልክት አይደረግም።"

ቁራጩ ኪሴ ውስጥ ነው። ነገ ጨርቁ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

የካቲት 3

አላስቀመጥኩትም።

የካቲት 5

ስብሰባ። አቶ ሪፖርት ጠረጴዛውን በብዕር ይቆረቁራል።

"አንድ መስመር ነው የምፈልገው። ምክንያቱ ምንድን ነው? ስሌት ነው? ወይስ የብረቱ ቅልጥ?"

"ዋናው ቁራጭ ገና አልተገኘም" አለች የእህቴ ልጅ። "ስንጥቁ የጀመረበት።"

"ካልተገኘስ?"

"ስሌቱን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። እንከን ካለው የኔ ነው፣ በስሜ ይጻፍ።"

አቅላጩ ጉሮሮውን ጠረገ። "የሷ አይደለም። ቅልጡ ይሆናል። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።"

አቶ ሪፖርት መጻፍ ጀመረ። ቅልጥ ከሆነ፣ አለ እየጻፈ፣ የማቅለጫው ክፍል ይዘጋል፣ መንኮራኩሯ ከውጭ ትገዛለች። መንኮራኩሯ ከተገዛች ደግሞ ሞተሩን እንዳለ መግዛት ሳይሻል አይቀርም። ሪፖርቱ ለየካቲት አሥራ አምስት ይድረስ።

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቁራጩ ይሞቃል። እጄ ነው ያሞቀው፣ አውቃለሁ።

ለምን ዝም አልክ? ብናገር ምን እንደሚባል ስለማውቅ። "ወረቀት የሌለውን አጎቷን አምጥታ፣ እሱ ደግሞ የቤት ስሟን ቀረጸበት።" እኔስ ልባረር። እሷ ግን መሳቂያ ትሆናለች… ይሄን ነው ለራሴ የምለው። እውነት ነው? ግማሹ።

የካቲት 8

ወደ እቶኑ ወረድኩ። አቅላጩ ዕቃውን ያሰናዳል። መቆንጠጫዎቹን ዘይት እየቀባ፣ በቁመታቸው እየደረደረ፣ በጋዜጣ እየጠቀለለ። ማንም ሂድ አላለውም ገና።

"ምን ነካህ ጋሼ? ጡረታ ልትወጣ ነው?"

"የተሰበረውን ብረት ሳየው ያምራል" አለኝ። "ፍሬው ደቃቅ ነው፣ ቀዳዳ የለውም። የሰበሰባችሁትን ሁሉ አየሁ። ምንም አላገኘሁበትም። ያላየሁት ነገር አለ ማለት ነው።"

"ካላየህ የለም ማለት ነዋ።"

"ታዲያ ለምን ተሰበረች?"

ቀልድ ፈለግኩ። ሁሌ አለኝ፣ ኪሴ ሙሉ ነው። ዛሬ ኪሴ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር።

"ሌሊት ሌሊት ሲፈስ አየዋለሁ" አለ። "ከመጀመሪያው ጀምሬ አፈሰዋለሁ። የቱ ጋ እንደሳትኩ ልይ ብዬ።"

ወጣሁ።

የካቲት 9

እህቴ ምሳ አቀረበችና ልጇን አየች፣ ከዚያ እኔን። "ሁለታችሁም አትበሉም። እሷስ ሞተሯ ተሰበረባት። አንተ ምንህ ተሰበረ?"

"ጥርሴን ነው።"

"ጥርስህን አውቀዋለሁ። በውሸት ነው የሚያምህ።"

እህት ካለህ ምርመራ አያስፈልግህም።

የካቲት 10

ጠዋት። የእህቴ ልጅ ጫማዋን እያሰረች ሳለ ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከዳቦው አጠገብ አስቀመጥኩት። አነሳችው። ወደ መስኮቱ ወሰደችው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ግማሽ ስምሽ።"

ረጅም ጊዜ አየችው። ጥቁሯን ቦታ በጥፍሯ ነካች። ቀድማ የተናገረችው ስለኔ አልነበረም፤ "ብረቱ ደህና ነው" አለች ለራሷ። "ብረቱ ደህና ነው…" ልትስቅም ልታለቅስም መሰለኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ስምንት ቀን ኪሴ ውስጥ የያዝኩት ጥፋቴን ብቻ አልነበረም። አሥራ አምስተኛዋ መንኮራኩር እንከን እንደሌለባት የሚመሰክረው ብቸኛ ነገር እሱ ነበር። አራት ዓመት የደከምንበትን የምስክር ወረቀት ኪሴ ውስጥ ሸጉጬ ነው የከረምኩት።

ከዚያ ዞር አለች።

"መቼ አገኙት?"

አገኙት። ቤት ውስጥ ቆመን።

"በሁለተኛው።"

"ስምንት ቀን።"

"ስምንት ቀን።"

"ያሳዘነኝ መጻፍዎ አይደለም" አለች። "እርስዎ ነዎት፣ ይጽፋሉ። ሲያሳድጉኝም እንደዚሁ ነበሩ። ግን ሰውየው ዕቃውን ሲጠቀልል ቆመው አዩት።"

"አንቺን ብዬ…"

"እኔን አይበሉ።"

እህቴ ከጓዳ ወጣች፣ ሁሉንም ሰምታለች። ስለ ተርባይን አንድ ነገር አታውቅም፣ ፍርዱን ግን ከማንም ፈጥና ሰጠች። "ስልሳ ዓመትህ ነው፣ ስድስት?"

የእህቴ ልጅ ጫማዋን አስራ ጨረሰች።

ቁራጩን በመሐረብ ጠቅልላ ሄደች። ዛሬ ብቻዋን ነዳች።

የካቲት 11

በአውቶቡስ ሄድኩ። ለአቶ ሪፖርት ራሴ ነገርኩት፣ እሷ ከመናገሯ በፊት ልድረስ ብዬ። አንድ መስመር ፈልጎ ሁለት ገጽ አገኘ። ሦስት ጊዜ "ምን ብለው ነው የጻፉት?" አለኝ። ሦስት ጊዜ "ድንቢጥ" አልኩ። ጸሐፊዋ ወደ ግድግዳው ዞራ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ስወጣ አቅላጩ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ሰምቷል። "ጋሼ…" አልኩ። አጠገቤ አለፈ። አልገፋኝም፣ አልተሳደበም። እንደ ምሰሶ ዞሮኝ አለፈ።

ቢመታኝ ይሻል ነበር።

የካቲት 14

የእገዳ ደብዳቤ። ማኅተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል። ኮሚሽኑ እስኪወስን ቤቴ እንድቀመጥ።

የካቲት 15

ሪፖርቱ ገባ። የእህቴ ልጅ ለእናቷ ስትነግራት በግድግዳው ሰማሁ። ቁራጩን በማጉያ አንስታዋለች፣ ስንጥቁ ከፊደሉ ሥር ሲነሳ በግልጽ ይታያል። ስሜንም ጽፋለች፣ ዝምድናችንንም ጽፋለች። "ስብሰባው ላይ ሳቁብሽ?" አለች እህቴ። "ሳቁ" አለች። "ከዚያስ?" "ከዚያ ፎቶውን አሳየኋቸው፣ ሳቃቸውን ተዉት።"

ኮሚሽኑ ፈተናውን ወደ መጋቢት ገፋ። አቅላጩ ጋዜጣውን ፈቶ መቆንጠጫዎቹን ወደ ቦታቸው መልሷል። አሥራ ስድስተኛዋን ሊያፈስ ነው።

ጥሩ ነው። ሁሉም ጥሩ ነው… እኔ ለምን ይሄን ያህል ደከመኝ? ሥራ እኮ አልሠራሁም።

የካቲት 23

የቤቱን ማጠፊያ ሁሉ ጠግኜ ጨረስኩ። ሲጢጥ የሚል በር የለም። እህቴ "ቤቱ ጸጥ ሲል ያስፈራል፣ አንዷን መልስልኝ" አለችኝ። መጀመሪያ ያናገረችኝ ቃል ነው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ።

መጋቢት 5

ሠላሳ አራት ደቂቃ።

አሥራ ስድስተኛዋ። በኮሚሽኑ ፊት። የቆረጣት በኔ ቦታ የገባው አዲሱ ልጅ ነው፣ ዲፕሎማ አለው፣ ንድፉ ላይ ያለውን ጽሑፍም ያነባል። የእህቴ ልጅ እራት ላይ ነገረችን። እናቷ እልል ልትል ቃጣት።

"ድምጿ እንዴት ነበር?" አልኳት።

አሰበች። "ሃያ ሁለተኛው ላይ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ምንም አልሆነችም።"

"ሞቀች?"

"ኪስዎ ውስጥ ካሞቁት ቁራጭ በታች።"

ገና እርስዎ ነኝ። ቀልድ ግን ነበረበት፣ ትንሽ፣ ጫፉ ላይ። ወይስ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩበት?

መጋቢት 8

የኮሚሽኑ ውሳኔ መጣ። ወርክሾፑ ይቀጥላል፣ ለሁለት ዓመት። የማቅለጫው ክፍል እንዲያውም ይሰፋል። እኔም ልመለስ እችላለሁ፣ "ከሚሽከረከሩ ክፍሎች ጋር ንክኪ ባለው በማንኛውም ሥራ ላይ እንዳይመደብ" ከሚል ማስጠንቀቂያ ጋር። መደገፊያ፣ ብሎን፣ ማቀፊያ። ቆሞ የሚውል ነገር ሁሉ የኔ ነው።

ትክክል ነው። እኔ ብሆን ከዚህ የባሰ እጽፍ ነበር።

ጠዋት ተቀምጬ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጀመርኩ። "ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት…" ብዬ ቆምኩ። ምን ይባላል? ደክሞኛል ማለት ለደብዳቤ አይበቃም። ጣሳዋ ሄደች፣ እኔ ሳልኖር ሄደች፣ መኖሬ ነበር ያቆማት። ይሄ ከታወቀ ሰው ምን ሊሠራ ይመለሳል? የሰው ፊት ማየቱን ልችለው እችላለሁ። የአቅላጩን ግን… ይቅርታ ልጠይቀው ሁለት ጊዜ ሰፈሩ ድረስ ሄጄ፣ ከበሩ ተመልሻለሁ። ያንን እዚህም አልጻፍኩትም ነበር። ተጻፈ።

ለማንኛውም ደብዳቤውን ዛሬ ልጨ…

በር ተንኳኳ። እህቴ ገበያ ናት፣ የእህቴ ልጅ ሥራ። ስከፍት አቅላጩ ነው። በሥራ ሰዓት፣ የቆዳ ሽርጡን እንደታጠቀ፣ እጁ ጥላሸት። መንገዱን ሁሉ እንደዚያ ሆኖ በእግሩ ነው የመጣው። ግባ አልኩት፣ አልገባም። ይቅርታ ልጀምር አፌን ስከፍት እጁን አነሳ፣ ዝም በል እንደሚል።

"የእቶኑ ክዳን ተጣሟል" አለኝ። "አራት ቀን የሚያቃናልኝ አጣሁ። አዲሱ ልጅ ንድፉ የት አለ ይለኛል።"

እሱ እግሬን አየ፣ ነጠላ ጫማዬን።

"ክዳን ነው" አለ። "አይሽከረከርም። ጫማህን አድርግ።"